ጭድ እያለ ላም ለምን ትከሳለች?

እኔ የወተት ሰው አይደለሁም። ላሞቼ የቦረና ዝርያ ናቸው፤ የምኖረው ጥጃቸውን አሳድጌ በመሸጥ ነው። ወንዱ ወይፈን ሲሆን የአዳማ አካባቢ አደላቢዎች ይወስዱታል። ሴቷ ደህና አቋም ካላት ለዘር ትቀራለች። ቦታዬ በመቂና በባቱ መካከል፣ ግራር የበዛበት ሜዳ ነው። ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል። በልጉ ላይ እምነት የለኝም፤ ሲመጣ አመሰግናለሁ፣ ሲቀር አልገረምም። ከኅዳር ወዲህ ሳሩ ቢጫ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ከሳሩ አቧራው ይበዛል።

አዲስ የሚጀምሩ ሰዎች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፤ «ጭድ ሞልቶኛል፣ ላሞቹ ግን እየከሱ ነው። ምን ልግዛ?» ስለ ማድለብና ስለ ወተት ላም የሚመክር ሰው አይጠፋም። ጥጃ ወልዳ የምታሳድገውን የሥጋ ላም ግን የሚያስታውሳት የለም። «እሷማ ሜዳ ላይ ትግጣለች» ተብላ ትታለፋለች። ስለዚህ የማደርገውን እንዳለ ልጻፈው።

«ምን ልግዛ» ከሚለው በፊት «መቼ ልስጥ» የሚለው ይቅደም። ላም ዘጠኝ ወር ከምናምን ትሸከማለች። ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያን ያህል አይጠይቃትም። አብዛኛውን ክብደቱን የሚይዘው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከወለደች በኋላ ወተቱ ይመጣል። በዚያ ላይ ጥጃዋን እያጠባች እንደገና ኮርማ እንድትፈልግ እንጠብቃለን። የከሳች ላም ደግሞ ኮርማ አትፈልግም። የበላችው ለራሷና ላለው ጥጃዋ ነው የሚውለው፤ ለሚቀጥለው ጽንስ የሚተርፍ ከሌለ ዝም ትላለች። በአገራችን በሁለት ዓመት አንዴ የምትወልድ ላም የበዛችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሰው የሞተችበትን ላም ይቆጥራል። ያልተወለደውን ጥጃ የሚቆጥር የለም። እኔ ትልቁ ኪሳራ እሱ ነው ባይ ነኝ።

ስለዚህ ለመኖ የያዝኩትን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ አልበትነውም። ከመውለዷ ሁለት ሦስት ወር በፊት ጀምሬ፣ ከወለደች እስከ ሦስተኛ ወሯ ድረስ እጭነዋለሁ። በቀረው ጊዜ ሳር፣ ጭድ፣ ጨውና ውሃ ይበቃታል።

ይህ እንዲሆን ወሊዱ አንድ ላይ መግጠም አለበት። ኮርማውን ዓመቱን ሙሉ ከላሞቹ ጋር አልለቀውም። ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መግቢያ አብሯቸው ይውላል፣ ከዚያ ለብቻው ነው። ያን ጊዜ ላሞቹ የክረምቱን ሳር በልተው ሞልተዋል፣ ቶሎ ይይዛሉ። ወሊዱ ከግንቦት እስከ ሐምሌ ይውላል። የሚከብደው የእርግዝና ጊዜ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ የዓመቱ ክፉ ወቅት ላይ ነው። እሱን እኔ እከፍላለሁ። ከወለዱ በኋላ ያለውን ግን አብዛኛውን ዝናቡ ይከፍልልኛል። ጎረቤቶቼ «ላም በፈለገችው ወር ትውለድ» ባዮች ናቸው። መብታቸው ነው። ኅዳር ላይ የወለደች ላም ግን የማጥባት ጊዜዋን በሙሉ ከኪስ ነው የምትቀለበው።

አሁን ወደ ጭዱ። የጤፍ ጭድ፣ የስንዴ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፤ ሁሉም ሆድ ይሞላሉ። ፕሮቲናቸው ግን ከ100 ኪሎ ውስጥ 4 ወይም 5 ኪሎ ቢሆን ነው። ጭድን የሚፈጨው የላሟ ጨጓራ ብቻውን አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። የምትበላው መኖ ከ100 ኪሎ ውስጥ 7 ኪሎ ገደማ ፕሮቲን ከሌለው እነሱ ራሳቸው ይራባሉ። ያኔ ጭዱ ጨጓራዋ ውስጥ ቶሎ ሳይፈጭ ይቆያል። ጨጓራዋ ስላልጎደለ ሌላ መብላት አትችልም። ሆዷ ተነፍቶ የዳሌዋ አጥንት የሚሾለው ለዚህ ነው። የደወለልኝ ሰው «ጭዱን እኮ ትታ ትቆማለች» ሲለኝ ችግሩ ገብቶኛል ማለት ነው። ላሚቱ ጠግባ አይደለም።

ትንሽ ፋጉሎ፣ ማለትም ዘይቱ ከተጨመቀ የቅባት እህል የሚቀረው፣ ሲጨመር የሚገርመው ነገር ላሟ ጭድ መብላቷ መጨመሩ ነው። ፋጉሎው ለሊጥ እንደሚገባ እርሾ ነው፤ ራሱ ብዙ ባይሆንም የቀረውን ሁሉ ያስነሳል። ተጨማሪ መኖ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ጭዱን ተክቶ ሳይሆን ጭዱን አስበልቶ ነው የሚሠራው።

ቁጥሩን ላሳያችሁ። 300 ኪሎ የምትመዝን የቦረና ላም በቀን 6 ኪሎ ያህል ጭድ ትበላለች እንበል። ከዚያ የምታገኘው ፕሮቲን 270 ግራም ገደማ ነው። በዚህ ላይ 1 ኪሎ የስንዴ ፉርሽካና ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ስጨምርላት፣ ከፉርሽካው 160፣ ከፋጉሎው 150 ግራም ያህል ታገኛለች። ድምሩ 580 ግራም ይሆናል። በጠቅላላ ከበላችው 7 ኪሎ ተኩል ላይ ሲሰላ ከ100 ወደ 8 ይጠጋል። የከበደች ላም በዚህ ትቆማለች። ከወለደች በኋላ ሳሩ እስኪደርስ ፋጉሎውን ወደ 1 ኪሎ አሳድገዋለሁ፣ ያኔ 9 ይሻገራል። በቃ፣ ቀመሬ ይኸው ነው። ድንገት አልጭንም፤ ከሩብ ኪሎ ጀምሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሙሉው አደርሳለሁ።

ገበያ ላይ ስወጣ የማየው የኩንታሉን ዋጋ አይደለም። አንድ ኩንታል ፉርሽካ በግምት 16 ኪሎ ፕሮቲን ይይዛል። አንድ ኩንታል የኑግ ፋጉሎ ወደ 30 ኪሎ ይይዛል፣ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ የፋጉሎው ዋጋ የፉርሽካው እጥፍ እስኪደርስ ድረስ በፕሮቲን ሲታይ ፋጉሎው አይወደድም። ሰው «ፉርሽካ ይረክሳል» ብሎ ሦስት ኩንታል ጭኖ ሲሄድ አያለሁ። ለማድለቢያ በሬ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ፉርሽካ ጉልበት ይሰጣል። ጭድ ላይ ላለች ላም ግን የጎደለው ፕሮቲን ነው። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎም ሲገኝ ጥሩ ነው፣ ለትናንሽ ጥጆች ግን አልሰጠውም።

ፋጉሎ ስትገዙ እጃችሁን ከጆንያው መሀል አስገቡና አሽቱት። ሻጋታ ከሸተተ ተዉት፣ ቢረክስም። ኑግ ፋጉሎ ላይ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረጉ ጥናቶች በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጉበት ይጎዳል፣ ወደ ወተትም ይገባል። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ ግድግዳም አይንካ።

አካባቢው የሚሰጠውን ሳይጠቀሙ ወደ ሱቅ መሮጥ አይገባኝም። እኛ ጋ በበጋ የግራር ፍሬ አለ። ልጆች በቆልማማ ዘንግ አራግፈው በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተው ያመጡልኛል፣ እገዛቸዋለሁ። ፍሬው ከጭድ ብዙ እጥፍ የተሻለ ነው። ግን መወቀጥ ወይም መፈጨት አለበት። እንዳለ ከተሰጠ ዘሩ ሳይነካ ከእበቱ ጋር ይወጣል፣ ሜዳው ላይ ደግሞ አዲስ ግራር ይበቅላል። የቦሎቄ ገለባም ከእህል ጭድ ይሻላል፤ እሱን ለከበዱት አስቀምጣለሁ። የበቆሎ አገዳ ሳይከተከት ከተሰጠ ቅጠሉን መርጠው ግንዱን ይረግጡታል።

መቂ የሽንኩርትና የቲማቲም አገር ነው፤ የተረፈው ሁሉ በነጻ ይገኛል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሽንኩርት በብዛት የበላ ከብት ደሙ ይጎዳል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ሊሞትም ይችላል። የቲማቲም ማሳ ደግሞ ፀረ ተባይ የተረጨበት ከሆነ ነጻው መኖ ውድ ይሆናል። እኔ ጥቅል ጎመን ቅጠል እወስዳለሁ፣ ሽንኩርቱን አልነካም። አተላ ትኩሱ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲን አለው፤ ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ አንድ ባልዲ አተላ የሰጠ ሰው ብዙ የሰጠ አይምሰለው። ለጥጃ አልሰጥም።

ዩሪያ የነካ ጭድ በየስልጠናው ይነገራል፣ ይሠራልም። ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ እየረጩ፣ እየረገጡ፣ በላስቲክ አፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ሲከፈት ሽታው እስኪወጣ አንድ ቀን ማናፈስ ያስፈልጋል። ጭዱ ይለሰልሳል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ላሞች ይወዱታል። እኔ በየዓመቱ አልሠራውም። 100 ሊትር ውሃ በጋ ላይ በአህያ የሚቀዳ ሰው ያውቀዋል። ዩሪያውም ለማሳ ሲጠፋ ለላም ማግኘት ዘበት ነው። የምትሠሩ ግን ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ እንዳትሰጡ። ዩሪያን በቀጥታ ውሃ ውስጥ ወይም ገንዳ ላይ መበተን ደግሞ መግደል ነው። ከብቷ ከተንቀጠቀጠች፣ አረፋ ከደፈቀች፣ ሆዷ ከተነፋ ጊዜ የለም። ኮምጣጤ በውሃ እየጋቷት ሐኪም ይጠራል።

ሁሉንም ላሞች በአንድ ገንዳ ላይ ማብላት ገንዘብ መድፋት ነው። ቀንዳሟ ባልቴት ሁለት ድርሻ ትበላለች፣ የመጀመሪያዋን የወለደችው ጊደር ዳር ቆማ ታያለች። እኔ እከፍላቸዋለሁ። ከመክፈሌ በፊት በእጄ እዳስሳለሁ፤ ዓይን ያታልላል፣ በተለይ ሻኛ። የጎድን አጥንቷን፣ ወገቧን፣ የጭራዋን ሥር መዳሰስ ነው። አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ሻኛ ላለው፣ ዘቡ ለሚባለው ከብት ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የአቋም መለኪያ አውጥቶ ነበር። 1 አጥንት ብቻ የቀራት ናት፣ 9 ስብ የከደናት። እኔ ስትወልድ 5 ላይ እንድትገኝ እፈልጋለሁ። 3 ከሆነች ከመውለዷ በፊት ነው መነሳት ያለባት። ከወለደች በኋላ ልታነሷት ብትሞክሩ የምትሰጧት ወደ ወተቱ ይሄዳል፣ እሷ እንደከሳች ትቀራለች።

ቀዳሚዎቹ የመጀመሪያ ጥጃቸውን የያዙት ጊደሮች ናቸው። እነሱ ራሳቸው ገና እያደጉ ነው። የወተት ጥርሳቸውንም እየለወጡ ስለሆነ አገዳ ማኘክ ይቸግራቸዋል። ከእነሱ ጋር ያረጁትንና የከሱትን እጨምራለሁ። ሌሎቹ ሁለተኛ ምድብ ናቸው። ለእያንዳንዷ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል የገንዳ ቦታ እሰጣለሁ። ገንዳዬ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፣ ጠርዙ በመዶሻ የታጠፈ። ቦታ የጠበበበት ሰው ፋጉሎን ብቻውን ከሆነ በየሁለት ቀኑ እጥፍ አድርጎ ሊሰጥ ይችላል። ብዙ ስለሚሆን ጉልበተኞቹ ጨርሰው አይቀሙም፣ የላሟም አቋም አይጎዳም። ይህን ግን በበቆሎና በስንዴ ዱቄት እንዳትሞክሩት፤ እህል በአንዴ በዝቶ ሲገባ ጨጓራ ይመርዛል።

ጨው አሞሌ አሰቅላለሁ። በየጊዜው ደግሞ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር አስመጣለሁ፤ ከብቶቹ የሚልሱት እንደ ብርቅ ነው። ሆራ፣ ማለትም ጨዋማ ውሃ፣ ቅርብ የሆነለት ሰው ወስዶ ያጠጣ። ውሃ ግን ከሁሉ ይበልጣል። በበጋ ሙቀት አንዲት ላም በቀን 30፣ 40 ሊትር ትፈልጋለች፤ ደረቅ ጭድና ፋጉሎ ሲበዛ ከዚያም በላይ። ሁለት ቀን ሳትጠጣ የቆየች ላም ፋጉሎ ቢደፋላትም ጭዷን አትበላም።

መኖ ከመግዛቴ በፊት ደግሞ የትል መድኃኒት አሰጣለሁ። ወደ ሐይቁ ረግረግ የሚሄዱ ላሞች የጉበት ትል አለባቸው፤ እያበሏቸው ይከሳሉ። ፌስታልና የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድም እንዳይበሉ ተጠንቀቁ። የታረደች ላም ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ የተገኘ ፌስታል ያየ ሰው ከብቱን ከተማ ዳር አይለቅም።

አሁን ጥጃው።

የጥጃ መኖ የሚጀምረው ከእንገር፣ ላሟ እንደወለደች ከምትሰጠው የመጀመሪያ ወተት ነው። በተወለደ በስድስት ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። አንጀቱ በሽታ የሚከላከልበትን ነገር ከእንገሩ የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፣ በየሰዓቱም በሩ እየጠበበ ይሄዳል። 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። እንገር ቀቅሎ መብላት የለመደ ቤት ብዙ ነው። ጥጃው ጠግቦ ከተረፈ እኔም እበላለሁ፣ ይጣፍጣል። ቅድሚያው ግን የጥጃው ነው። መቆም ካቃተው አልበን በጡጦ እንሰጠዋለን።

ቀጥሎ ያለው ክርክር ወተቱ ነው። እረኛዬ ከነቤተሰቡ እዚያው ነው የሚኖረው፤ ማለብ የደሞዙ አካል ነው ማለት ይቻላል። ባለቤቱ ሲጀመር እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ለልጆቹና ለቡና የምትሆን ብቻ ናት እኮ።»

«እሺ እህቴ፣ እለቢ። ግን ጠዋት ብቻ፣ ሁለቱን ጡት ደግሞ ለጥጃው ተይለት። ማታ አይታለብም።»

«ላሚቱ ካልታለበች ግቷ አይጎዳም?»

«ጥጃው መቼ ያስተርፍና!»

ሦስት ወር እስኪሞላው በዚህ ተስማማን። ጥጃው አንድ ኪሎ እንዲጨምር በግምት 10 ሊትር ወተት ይፈልጋል። አንድ ሊትር ታለበ ማለት ወደ 100 ግራም ክብደት ሄደ ማለት ነው። ከተማ አጠገብ ያለ፣ ወተት በሊትር የሚሸጥ ሰው ይህን ሲያሰላ ማለቡ ሊያዋጣው ይችላል። አልዋሽም። ያ ሰው ግን የወተት ሥራ ነው የያዘው፣ ለጥጃውም ምትክ ያዘጋጅ። የቦረና ላም በቀን የምትሰጠው 3፣ 4 ሊትር ነው። ከዚያ ላይ ግማሹን ወስዶ ዓመት ሲሞላው ደንዳና ወይፈን መጠበቅ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተጎዳ ጥጃ በኋላ ፋጉሎ ቢደፋለት የጓደኞቹን ቁመት አያገኝም፤ አደላቢ ደግሞ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያየው ቁመናውን ነው።

ጥጃ ሲወለድ ሳር የሚፈጨው ትልቁ ጨጓራው ገና አይሠራም፤ ወተቱ አልፎት ይሄዳል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሳር መነካካት ይጀምራል፣ ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ማመስኳቱ ይጸናል። እንዲለምድ ብዬ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በእፍኝ ፉርሽካ አስነካዋለሁ። ከዚያ በላይ በክረምት አልሰጥም። እናቱ ሳር ጠግባ ወተት ካላት፣ ሜዳውም ለምለም ከሆነ፣ የሚሰጠው መኖ ትርፉ ትንሽ ነው። ለዘር ለምትቀረው ሴት ጥጃማ ብዙ እህል ጭራሽ ይጎዳታል፤ ግቷ ላይ ስብ ይይዛል፣ ስታድግ ወተቷ ያንሳል።

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ ይለወጣል። ሳሩ ይደርቃል፣ የእናትየው ወተት ይቀንሳል፣ ጥጃው ደግሞ አራት አምስት ወር ሆኖት ሆዱ ሰፍቷል። ያኔ የጥጆች ማጀቴን እከፍታለሁ። ሥራው ቀላል ነው። በረቱ ጥግ ላይ በእንጨት ይታጠራል። በሩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፣ ከላይ በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አግዳሚ እንጨት አለበት። ጥጃ ይገባል፣ ላም አትገባም። ጥጆቹ ሲጎረምሱ ስፋቱን ትንሽ እጨምራለሁ። ቦታው ላሞቹ የሚያርፉበት አጠገብ፣ ጥላ ያለበት መሆን አለበት፤ ጥጃ ከእናቱ ርቆ ሄዶ አይበላም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አንድ ሁለቱን በእጅ ማስገባት ነው፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።

ውስጥ የማስቀምጠው የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ነው። በግምት ግማሹ በቆሎ፣ የቀረው ፉርሽካና ፋጉሎ እኩል። በቀን ለአንዱ ከግማሽ ኪሎ ይጀምርና ስድስት፣ ሰባት ወር ሲሆነው ወደ 1 ኪሎ ይደርሳል። ያደረ ትራፊ በየጠዋቱ ይጠረጋል፤ ለትልልቆቹ ይሰጣል። ጥጃ የኮመጠጠ ነገር ይንቃል። ከጎኑ ሁልጊዜ ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ድርቆሽ አለ።

ስለ ድርቆሹ ትንሽ ልናገር፣ እዚህ ላይ ሰው የሚያጣው ብዙ ነው። የሱሉልታ ድርቆሽ በእስር ተጭኖ እኛ ድረስ ይመጣል፤ ደህናም አለው፣ ስሙ ብቻ ድርቆሽ የሆነም አለው። ልዩነቱ የታጨደበት ቀን ነው። ሳር ማበብ ሲጀምር ከታጨደ ፕሮቲኑ አለ። ኅዳር ላይ ዘሩን አራግፎ ከታጨደ ቀለሙ ብቻ ከጭድ ይለያል። ሰው የሚዘገየው ዝናብ ያበላሽብኛል ብሎ ነው፣ ስጋቱም እውነት ነው። እኔ ከቦረናዎች የተማርኩትን አደርጋለሁ። እነሱ ለጥጃና ለደካማ ከብት ብቻ የሚከለል ግጦሽ አላቸው፣ ካሎ ይሉታል። እኔም ትንሽ መሬት ከሐምሌ ጀምሬ እከልላለሁ። መስከረም መጨረሻ ላይ ፀሐይ ያላቸውን ተከታታይ ቀናት ጠብቄ አጭዳለሁ። ጥቂት ነው፣ ለጥጆቹ ግን ይበቃል። በአጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያ የሚባል የመኖ ዛፍ ተክያለሁ፤ ቅጠሉን በጥላ አድርቄ እጨምርላቸዋለሁ። አጥር ላይ የምትበቅለዋን የወፍ ቆሎ ግን ነቅዬ ጨርሻለሁ። ሳር ሲጠፋ ጥጆች ይቀምሷታል፣ ጉበት ትመርዛለች።

ጡት የማስጥለው በሰባተኛው፣ በስምንተኛው ወር ነው፤ ጥርና የካቲት ላይ። ሁለት ምክንያት አለኝ። ጥጃው በማጀቱ 1 ኪሎ መብላት ስለለመደ አይደነግጥም። እናትየው ደግሞ አርግዛለች፤ ከባዱ ጊዜ ከመግባቱ በፊት ማረፍ አለባት። ጡት ላይ እበት የሚቀቡ አሉ። እኔ አልወደውም፣ ጡቱን ያቆስላል። በአጥር ለይቼ ጎን ለጎን አቆያቸዋለሁ፤ ይተያያሉ፣ ይሻተታሉ፣ መጥባት ግን የለም። ጥቂት ቀን ይጮሃሉ። ጎረቤት ያማርራል። ከዚያ ያልቃል። ጡት የጣለው ጥጃ ድርቆሹ ላይ ድብልቁ ወደ 1 ኪሎ ተኩል ከፍ ይልለታል፣ ሰኔ ሳር እስኪያወጣ።

ስለ ድርቅ ዓመት ሳልናገር አልጨርስም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲቀሩ ያለቀውን ከብት ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉንም አበላለሁ ማለት ሁሉንም ማጣት ነው። ወድቃ በሰው የምትነሳ ላም ከደረሰችበት ደረጃ በፋጉሎ መመለሷ ብርቅ ነው፤ የምትበላው መኖ ለቆመችው ይጠቅም ነበር። እኔ ጥር ላይ ጭዴን እመዝናለሁ፣ እስከ ሰኔ ስንት ላም እንደሚያደርስ አሰላለሁ። የማይደርሰውን ያህል ገና ሥጋ ሳለው፣ ገበያውም ሳይወድቅ እሸጣለሁ። መጀመሪያ የሚወጡት ያረጁና ሳይወልዱ የከረሙ ናቸው።

በመጨረሻ ከሁሉ በላይ የምጠየቀውን ልመልስ። «ለአንድ ኩንታል ፋጉሎ ብቻ ነው ገንዘብ ያለኝ» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። አንድ ኩንታል ለሁሉም ከተበተነ ማን እንደበላው አይታወቅም። በቀን ግማሽ ኪሎ ቢሰጥ ግን ሦስት ላሞችን ከሁለት ወር በላይ ያደርሳል። ለሦስቱ ብቻ ይሁን፤ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ለሚወልዱ፣ የመጀመሪያ ጥጃቸውን ለያዙ ሦስት ጊደሮች። መጋቢት አጋማሽ ላይ ይጀመር፣ ከሌሎቹ ተለይተው ይብሉ።